ባለቤት ያጣ ዐረፍተ ነገር

ሰውን ለማሳመን የሚጻፍ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት አንባቢ ያገኛል። አንደኛው ነገሩ እውነት መሆኑን ለማወቅ የሚያነብ ነው፤ ሁለተኛው ግን አስቀድሞ የፈራውን ወይም አስቀድሞ የጠላውን ነገር በጥሩ ቃል ተጽፎ ለማየት የሚያነብ ነው። 36 ዓመት አማርኛ ሳስተምር ተማሪዎቼ ለመጀመሪያው አንባቢ እንዲጽፉ እመክራቸው ነበር። ማርክ በምሰጥበት ጊዜ ግን እኔው ራሴ ሁለተኛውን አንባቢ ሆኜ መገኘቴን ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ወደ ኋላ እናገራለሁ፤ አሁን ወደ ተነሣሁበት ነገር ልግባ።

የተነሣሁበት ነገር ሰዎች ስለ ድሮን አደገኛነት የሚጽፉት ጽሑፍ ነው። ስለ ድሮን ራሱ አይደለም፤ እኔ የሰዋስውና የድርሰት መምህር ነበርሁ እንጂ የጦር መሣሪያ ዐዋቂ አይደለሁም። ነገር ግን ይህ መሣሪያ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እየበዛ በሄደ መጠን ስለ እርሱ የሚጻፈውም እንዲሁ በዝቷል። የሕግ ሊቃውንት የጥናት መግለጫ አውጥተዋል፤ የሳይንስ ሰዎች ፊልም ሠርተዋል፤ ጋዜጠኞችና ባለ ሥልጣኖችም ጽፈዋል፣ ተናግረዋል። ሁሉም ሰሚውን ከአንድ ሐሳብ ወደ ሌላ ሐሳብ ለማምጣት የተሰናዱ ስለ ሆኑ፣ በምን ብልሃት እንዳሰናዱት መመርመር የአንድ አሮጌ መምህር ሥራ ነው ብዬ አሰብሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ነገሩ የሚበዛው በውጭ አገር የሆነ ስለ ሆነ አንባቢው ይቅር ይለኛል።)

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰዋስው ያስተምሩን የነበሩት ሽማግሌ አንድ ልማድ ነበራቸው። ማንኛውንም ዐረፍተ ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከጻፉ በኋላ በዘንጋቸው እየጠቆሙ «ባለቤቱ ማን ነው?» ይሉ ነበር። ባለቤቱን ሳያገኝ ወደ ተሳቢው የቸኰለ ልጅ ቆሞ ይውል ነበር። አንድ ቀን የፋኖስ ብርጭቆ ሰብሬ በተጠየቅሁ ጊዜ «መምህር፣ ብርጭቆው ተሰበረ» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም ሳይቈጡ «ልጄ፣ ሰዋስውህ ትክክል ነው፤ ባለቤቱ ግን ወዴት ሄደ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳሁትም። ቋንቋችን ለፈሪ ሰው የሚመች አንድ የጓሮ በር አለው፤ «ተ» የምትባል አንዲት ፊደል በአንቀጹ መግቢያ ላይ ስትቆም አድራጊው በዚያ በር ሹልክ ብሎ ይወጣል። ሰበረ የነበረው ተሰበረ ይሆናል፤ ገደለ የነበረውም ተገደለ ይሆናል።

ስለ ድሮን የተጻፉትን ሳነብ በመጀመሪያ ያገኘሁት ይህንኑ የጓሮ በር ነው፤ ያውም በስሙ ላይ። በአማርኛ ይህን መሣሪያ «ሰው አልባ አውሮፕላን» እንለዋለን። በዜና ሲነገር ሰምተን ስለ ለመድነው አይከብደንም፤ ነገር ግን ቆም ብለን ብንመለከተው ስሙ ራሱ አንድ የማሳመኛ ጽሑፍ ነው። ሰው የሌለው በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ነው እንጂ በነገሩ ውስጥ አይደለም። አሜሪካኖች ፕሬዴተር የተባለውን ድሮን በአፍጋኒስታን ሰማይ ላይ ሲያበሩ፣ ኔቫዳ በሚባለው ደረቅ አገር ባለው ክሪች በተባለው የአየር ኃይል ሰፈር አንድ አብራሪና አንድ የካሜራ ተቆጣጣሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመሩት ነበር። ከእነርሱም በስተ ኋላ ሥዕሉን የሚመረምሩ፣ ዒላማውን የሚመርጡ፣ ፈቃድ የሚሰጡ ብዙ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ከሚያበረው የጦር አውሮፕላን ይልቅ ይህ «ሰው አልባ» የተባለው ብዙ ሰው ያለበት ነው ማለት ነው።

በእንግሊዝኛም ስሙ ከዚህ አይሻልም። ድሮን በጥንቱ ትርጉሙ ወንዱ ንብ ነው። እንግሊዞች በ1935 ለመድፈኞቻቸው የተኩስ መለማመጃ የሚሆን፣ በራዲዮ የሚመራ አውሮፕላን ሠርተው «ንግሥት ንብ» ብለው ሰይመውት ነበርና፣ የዛሬው ስም ከዚያ እንደ ተወረሰ ይነገራል። ቀፎ ያለው ጎረቤቴ ይህን ስነግረው ሣቀ፤ ወንዱ ንብ መንደፊያ የለውማ! የሚናደፉት ሴቶቹ ናቸው። ስም ያወጡት ሰዎች ንብ አርቢ አላማከሩም።

ስሙ እንዲህ ሰውን ከነገሩ ካወጣ በኋላ፣ አስፈሪዎቹ ጸሐፊዎች ባዶውን ቦታ በማሽኑ ይሞሉታል። ድሮኑን ሕያው ፍጥረት አድርገው ይሥሉታል፤ ያድናል፣ ያደባል፣ ይራባል፣ ደም ይጠማዋል ይላሉ። በሰዋስው ቋንቋ ብንናገር ድሮኑን ባለቤት ያደርጉታል። ይህ አጻጻፍ አንባቢን እንደሚያስደነግጥ አይካድም። ነገር ግን በሩዋንዳ ከ2016 ጀምሮ ዚፕላይን የተባለው ኩባንያ በድሮን ደም እየጫነ፣ በትንሽ ዣንጥላ በተንጠለጠለ ሣጥን ለገጠር ሆስፒታሎች ያወርዳል፤ በወሊድ ጊዜ ደሟ ለሚፈስ እናት የሚሰጠው ደም በዚህ መንገድ ይደርሳል። ድሮን በጠባዩ ደም የሚጠማው ነው ያለው ጸሐፊ እዚህ ላይ ምን ይመልሳል? አራት ገጽ የጻፈው ክርክር በአንድ ሣጥን ይፈርስበታል። ክፉ ጸሐፊ ስለ ሆነ አይደለም፤ ክፋቱን ያለ ቦታው ስላስቀመጠው ነው።

ከአስፈሪዎቹ ሁሉ በብልሃት የተሠራው በ2017 በኖቬምበር ወር የወጣው «ስሎተርቦትስ» የተባለው አጭር ፊልም ነው፤ አራጅ ሮቦቶች ማለት ነው። ይህን ካሠሩት አንደኛው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ የሚያስተምሩት የኮምፒዩተር ሊቅ ስቱዋርት ራስል ናቸው። መንግሥታት በጄኔቭ ተሰብስበው ያለ ሰው ትእዛዝ ስለሚገድሉ መሣሪያዎች በሚመክሩበት ሰሞን ለተሰብሳቢዎች ታየ። ፊልም ነውና ጽሑፍ አይባልም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ፊልምም በመጀመሪያ ይጻፋል ብዬ እመልስለታለሁ።

ፊልሙ የሚጀምረው በጩኸት አይደለም፤ በጭብጨባ ነው። ፊቱ ፈገግ ያለ ነጋዴ በመድረክ ላይ ቆሞ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ድሮን ያሳያል። የሰውን ፊት ለይታ ግንባሩ ላይ የምትፈነዳ ናት፤ በአሻንጉሊት ላይ ስትሞከር ታዳሚው ያጨበጭባል። ከዚያ በኋላ እውነተኛ የሚመስሉ የፈጠራ ዜናዎች ይከተላሉ፤ የምክር ቤት አባሎች ይገደላሉ፤ በዩኒቨርሲቲ ያለ ልጇን በስልክ የምታነጋግር እናት ትታያለች፤ ተማሪዎቹም በየክፍላቸው ያልቃሉ። በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ በገዛ ፊታቸው ወጥተው፣ ያየነው ነገር ዛሬ ባለው ዕውቀት ሊሠራ የሚችል መሆኑን ይነግሩናል።

የመጀመሪያውን ክፍል አደንቃለሁ። ያ ጭብጨባ በዚህ ጉዳይ ላይ ከቀረበው አብዛኛው ነገር የበለጠ እውነት ይናገራል፤ አደጋው ከሚሸጠው ሰውና ከሚያጨበጭበው ሰው እንደሚመጣ ያሳያልና። ነገር ግን ወደ ተማሪዎቹ ሲደርስ ፊልሙ የራሱን ጥሩ ነገር ይተወዋል። ድሮኖቹን ማን እንደ ላካቸው አይታወቅም። ፕሮፌሰሩ ምናልባት ይህንኑ አለመታወቅ ሊያስጠነቅቁን ይሆናል፤ የተመልካቹ ልብ ግን እንደዚያ አይሠራም። ነጋዴውን ይረሳና ትንንሾቹን ክንፎች ብቻ ሲፈራ ይቀራል። ደግሞም ፈጠራውን ዜና ካሳዩ በኋላ እውነተኛውን ሊቅ ማስከተል እኔን አላስደሰተኝም። የፈጠራው ፍርሃት በሊቁ ክብር ላይ ተደርቦ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግብኝ ኖሮ «ታሪኩን ከምስክሩ ለይ» ብዬ በጻፍሁበት ነበር።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ፖል ሻሪ የተባሉ የቀድሞ የአሜሪካ ወታደር መልስ ጻፉ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢመጣ መከላከያም አብሮ ይመጣል፤ ፊልሙ ይህን ሁሉ ደብቆ አስፈራራን አሉ። ራስልና ጓደኞቻቸውም መልሰው ጻፉ። ክርክሩ ስድብ የሌለበት ስለ ሆነ ሁለቱንም ማንበብ ደስ ይላል። ከ2022 ጀምሮ በዩክሬን የሆነውን የተመለከተ ሰው ግን ሁለቱም ግማሽ ግማሹን እንደ ያዙ ያያል። ትንንሾቹና ርካሾቹ ድሮኖች በእርግጥ በብዙ ሺህ መጡ፤ መከላከያውም በእርግጥ መጣ፤ በግንባሩ አቅራቢያ ባሉት መንገዶች ላይ እንደ ዳስ መረብ ተዘረጋ። ፊልሙ ያላሳየው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም በዓይኑ ላይ መነጽር አድርጎ ድሮኑን የሚነዳው ወጣት ነው። በ2025 በሜይ ወር የተባበሩት መንግሥታት ስለ ዩክሬን ያቋቋመው የመርማሪዎች ጉባኤ፣ የሩሲያ ጦር በኬርሶን አውራጃ በትንንሽ ድሮኖች በሰላማዊ ሰዎች ላይ የፈጸመው ግድያ በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው ብሎ ፈረደ። እነዚያ ሰዎች በእግራቸው ሲሄዱ፣ በመኪናቸው ሲጓዙ ነጂው በካሜራው ይመለከታቸው ነበር። አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ልብ በል፤ አስፈሪው ጸሐፊ «ማሽን ሳያይ፣ ሳያዝን ይገድላል» ሲለን፣ የሆነው ግን ሰው እያየ መግደሉ ነው።

ፍርሃት ሲበረታ ንባብ ይጠፋል። በ2021 የሊቢያን ጦርነት የሚከታተሉ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ለጸጥታው ምክር ቤት ባቀረቡት ረጅም መግለጫ ውስጥ፣ ካርጉ 2 ስለ ተባለ በቱርክ የተሠራ ድሮን ጥቂት መስመሮች ነበሩ። ድሮኑ በራሱ መርጦ ሰው ስለ መግደሉ በመስመሮቹ ውስጥ ግልጽ ቃል አልነበረም፤ ብዙ ጋዜጦች ግን ማሽን በገዛ ፈቃዱ ሰውን ያደነበት የመጀመሪያው ጊዜ አድርገው አወጁት። ከዚያ በፊትም በ2018 በዲሴምበር፣ በለንደን አቅራቢያ ያለው የጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮን ታየ ተብሎ ተዘጋ። 1,000 ያህል በረራዎችና 140,000 ያህል መንገደኞች ተስተጓጎሉ፤ ባልና ሚስት ተይዘው ያለ ክስ ተለቀቁ፤ ድሮኑ ግን አልተገኘም። «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ያሉት አባቶቻችን አውሮፕላን ማረፊያ ሳያዩ ይህን ዐውቀውት ነበር።

ይህን ስል ከአስተባባዮቹ ወገን ቆሜ አይደለም። የእነርሱ ጽሑፍ ከአስፈሪዎቹ ይልቅ የከፋ ነው፤ አስፈሪው ቢያንስ የሚፈራው ስለ ሰው ነውና። በ2011 የፕሬዚዳንት ኦባማ የጸረ ሽብር አማካሪ የነበሩት ጆን ብረናን፣ ለአንድ ዓመት ያህል በአሜሪካ የድሮን ምት አንድም ንጹሕ ሰው አልሞተም ብለው ተናገሩ። እነዚህ ሰዎች የሚወዱት ቃል ከሐኪም ቤት የተበደሩት ነው፤ ምቱ እንደ ቀዶ ሕክምና የጠራ ነው ይላሉ። ቀዶ ሐኪም የሚቆርጠው ሕመምተኛውን ለማዳን ነው፤ እዚህ ሕመምተኛው ማን ነው? ማነጻጸሪያን ሳይመረምር የሚቀበል አንባቢ ግማሽ መንገድ ተሸንፏል።

በ2021 ኦገስት 29 ቀን በካቡል ከተማ የአሜሪካ ጦር አንድ መኪና በድሮን መታ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጄኔራል ማርክ ሚሊ ምቱ ጽድቅ ያለበት መሆኑን ተናገሩ። ከዚያም ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ሥዕሎቹን መርምሮ፣ በመኪናው ላይ የተጫነው ፈንጂ የተባለው ነገር የውሃ መያዣ ሳይሆን እንዳልቀረ አሳየ። በሴፕቴምበር 17 ቀን ጦሩ ራሱ 10 ሰላማዊ ሰዎች እንደ ሞቱ፣ ከእነርሱም 7ቱ ሕፃናት እንደ ነበሩ አመነ። አንድም ሰው ግን አልተቀጣም። ጽድቅ የተባለው ወደ ስሕተት ተለወጠ፤ ስሕተቱም ባለቤት አልነበረውም። የሰዋስው መምህሬ በሕይወት ቢኖሩ ዘንጋቸውን ያነሡ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለፍትሕ ስል ልጨምር። ኦባማ ራሳቸው በ2013 በሜይ 23 ቀን ስለ ድሮን ባደረጉት ረጅም ንግግር፣ ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን አምነው፣ ያ ሞት እርሳቸውንና በትእዛዛቸው ሥር ያሉትን በሕይወታቸው ሙሉ እንደሚከተላቸው ተናግረው ነበር። ድርጊቱን ለመከላከል የተደረገ ንግግር ሲሆን ባለቤቱ ግን ተገኝቶበታል። በሐሳቡ አልስማማም፤ ዐረፍተ ነገሩን ግን አከብራለሁ። የሟቾቹ ስም ነው የጎደለው።

አሁን ወደ ወደድኋቸው ልምጣ። በ2012 በሴፕቴምበር ወር የስታንፎርድና የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ክፍሎች «ከድሮኖች በታች መኖር» የተባለ መግለጫ አወጡ። ከ130 በላይ ሰዎችን አነጋግረው፣ በፓኪስታን በሰሜን ዋዚሪስታን ያለውን ሕይወት የጻፉበት ነው። የሚበዛው ስለ ሞቱት አይደለም፤ ስላልሞቱት ነው። ድምፁ ቀንም ሌሊትም ከራሳቸው በላይ ስለማይጠፋ እንቅልፍ እንዳጡ፣ ወደ ቀብር መሄድን እንደ ፈሩ፣ ሽማግሌዎች ለዕርቅ መቀመጥን እንደ ተዉ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት እንደ ቀሩ፣ አንድ ቤት ሲመታ ሁለተኛ ምት ይከተላል ብለው ጎረቤቶች ለመርዳት እንደ ሠጉ ይናገራል። ለቅሶ መድረስ የቀረበትን መንደር አስበው፤ ለእኛ አገር አንባቢ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህ መግለጫ ጉድለት አለበት። ጥናቱን ያስጀመረው የተጎጂዎች ተከራካሪ የሆነ ድርጅት ነው፤ ከምስክሮቹም ብዙዎቹን ያገናኛቸው ለተጎጂዎች የሚሟገት የፓኪስታን ድርጅት ነው፤ አጥኚዎቹም ወደ ዋዚሪስታን ራሱ መግባት አልቻሉም። ይህን ያወቅሁት ግን ከጠላቶቻቸው አይደለም፤ ከገዛ ገጻቸው ነው። ምስክሬን ማን እንዳመጣልኝ ዕወቅ፣ ከዚያ በኋላ ፍረድ ብሎ ለአንባቢ የሚናገር ጸሐፊ እንዴት ያለ ብርታት አለው! እኔ በክፍል ውስጥ «የክርክርህን ደካማ ጎን ደብቅ» ብዬ አስተምሬ ነበርና ይህን ሳነብ ፊቴ ቀላ።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በ2013 ኦክቶበር 29 ቀን አንድ ከሰሜን ዋዚሪስታን የመጣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ከሁለት ልጆቹ ጋር በዋሽንግተን በአሜሪካ ምክር ቤት አዳራሽ ተቀምጦ ተናገረ። ከአንድ ዓመት በፊት እናቱ በቤታቸው አጠገብ ባለው እርሻ ባሚያ ስትለቅም በድሮን ሚሳይል ሞታ ነበር፤ ልጆቹም ቆስለው ነበር። የ13 ዓመቱ ልጅ ሲናገር፣ ዱሮ ይወድደው የነበረውን ሰማያዊ ሰማይ አሁን እንደማይወድደው፣ ደመናውን እንደሚመርጥ፣ በደመና ቀን ድሮኖች እንደማይበርሩ ተናገረ። በትርጉሙ መካከል እንባ ቃሉን አቋርጦት ነበር። ሊሰሙ የመጡት የምክር ቤት አባሎች 5 ብቻ ነበሩ።

ይህን የልጅ ቃል እንደ ድርሰት አርመው ብትሉኝ የማርመው ነገር የለኝም። ስለ ድሮኑ አንድ ቅጽል አልተናገረም። ክፉ ነው አላለም፤ አስፈሪ ነው አላለም፤ ከንስርም ከዘንዶም ጋር አላነጻጸረውም። የተናገረው ስለ ሰማይ ነው። በእኛ አገር ገበሬ ደመና ሲያይ ደስ የሚለው ዝናብ ያመጣልኛል ብሎ ነው፤ ይህ ልጅ ግን ደመናን የወደደው መጋረጃ ስለ ሆነው ነው። አንድ ልጅ ብርሃንን እንዲጠላ የሚያደርግ ነገር ምን እንደ ሆነ አንባቢው ራሱ ያገኘዋል፤ ራሱ ያገኘውንም ማንም አይነጥቀውም። ባሚያውም እንዲሁ ነው። «ንጹሕ ሰላማዊ ሰው» የሚለው ቃል በብዙ አፍ ስለ ተመላለሰ እንደ አሮጌ ሳንቲም ተፍቋል፤ ባሚያ የምትለቅም አሮጊት ግን አልተፋቀችም። አባትየውም የጠየቀው በቀል አልነበረም፤ እናቱ ለምን እንደ ተገደለች የሚነግረው ሰው ነበር። ባለቤቱን ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ የሄደ መምህር ነው። እንዲህ ያለ ተማሪ የነበረው ትምህርት ቤት የታደለ ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ እጄ ይከብዳል፤ ቁስሉ ገና ነውና። በ2022 ጃንዋሪ 7 ቀን፣ በልደት በዓል ዕለት፣ በትግራይ በደደቢት በትምህርት ቤት ግቢ ተጠልለው በነበሩ ተፈናቃዮች ላይ በተፈጸመ የድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2023 ኦገስት 13 ቀን በጎጃም በፍኖተ ሰላም ከተማ ከአየር በተጣለ፣ ብዙዎች የድሮን ነው ባሉት ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች እንደ ሞቱ ከሆስፒታል ተነገረ። እነሆ፣ እኔም «በተፈጸመ» «በተጣለ» ብዬ ጻፍሁ! ያ የጓሮ በር ለእኔም ክፍት ነው፤ ገብቼበት ስወጣ አንባቢው ይመልከተኝ። የደደቢቱን ጥቃት ያደረሰው የኢትዮጵያ መንግሥት መሆኑን ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በዚያው ዓመት ባወጣው ምርመራ ጽፏል። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አንሥቻለሁ፤ ለምን እንደ ሆነ የአገሬ ሰው አይጠይቀኝም።

በአማርኛ የተጻፉትን የማሳመኛ ጽሑፎች ሳነጻጽር ያሳዘነኝ ግን ፍርሃቱ አይደለም። አንዱ ጸሐፊ በወገኑ ላይ የወረደውን ድሮን የሰማይ ጋኔን ይለዋል፤ ያው መሣሪያ በሌላው ላይ ሲወርድ ደግሞ የአገር ኩራት ይለዋል። እንዲህ ያሉትን ከሁሉም ወገን አግኝቻለሁ። ቅጽሉ ተለወጠ እንጂ ማሽኑ አልተለወጠም። ማሽኑን ጋኔን ያለ ሰው ነገ ያው ማሽን በእጁ ሲገባ መልአክ ለማለት ምንም አይቸግረው፤ የጠላው አድራጎቱን ሳይሆን አቅጣጫውን ነበርና።

በመጀመሪያ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ «የድሮን አደጋ» በሚል ርእስ የሚያሳምን ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። ማርኩ ከ20 ነበር። አንድ ብርቱ ተማሪ አራት ገጽ ጻፈ፤ የብረት ንስር፣ የሰይጣን ዓይን፣ የሞት ነጋሪት የሚሉ ቃላት ሞልተውበታል። ዘመዶቹ ሁሉ በሰላም ያሉ፣ ድሮን በስዕል ብቻ ያየ ልጅ ነበር። 18 ሰጠሁት፤ በክፍሉም ፊት አነበብሁለት፤ ተጨበጨበለት።

ከሰሜን ተፈናቅላ የመጣች አንዲት ተማሪ ደግሞ አንድ ገጽ ተኩል ጻፈች። ድሮን የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኝበታል። ጢሱ እንዳይታይ እናቷ እንጀራ መጋገር ትታ በሶ እንደ በሉ፣ ልብስ አጥቦ ማስጣት እንደ ቀረ፣ ታናሽ ወንድሟ ወደ ከተማ ከመጡም በኋላ የጄኔሬተር ድምፅ ሲሰማ አልጋ ሥር እንደሚገባ ጻፈች። የቀረው ስለ አንዲት ላምና ስለ ውሃ ጉድጓድ ነው። በመጨረሻውም ያን ቀን የላከው ሰው እኛ መሆናችንን ያውቅ እንደ ሆነ ልጠይቀው እፈልጋለሁ የሚል ነበር። ከሥሩ በቀይ «ስሜት ይጎድለዋል፤ ማጠቃለያ የለውም» ብዬ ጽፌ 11 ሰጠኋት። ወረቀቷን ተቀበለችና እጅ ነሥታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በዚያ ክፍለ ጊዜ ለሌላው ልጅ ሲጨበጨብ እርሷም አጨብጭባለች፤ ይህን አይቻለሁ።

የዋዚሪስታኑን መምህር ነገር ያነበብሁ ዕለት ይህች ልጅ ትዝ አለችኝ። ለመታሰቢያ ብዬ ሰብስቤ በካርቶን ያኖርሁትን የድርሰት ወረቀት ሁሉ ፈትሼ የእርሷን አገኘሁት፤ በዓመቱ መጨረሻ ሁሉንም ሰብስቤ ነበርና። ወደ ትምህርት ቤቱ ሄጄ ብጠይቅ ቤተ ሰቦቿ ሰፈር ለውጠዋል፣ ወዴት እንደ ሄዱ አይታወቅም አሉኝ። ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ፣ የቀድሞው መምህሬ ያስለመዱኝ ነውና፣ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ «የላከው ሰው» ከሚለው ሥር በእርሳስ አሰመርሁበት። ማርኩን ልሰርዝ ብዕር አንሥቼ ተውሁት፤ በቀይ የጻፍሁት እዚያው ይታያል።